ሰርቨሩ ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሆቴል ወይም አስጎብኚ ድርጅት የኦንላይን ቡኪንግ ሲስተም ላሠራ ሲል መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። አንዱ «ፒኤችፒ፣ ላራቬል» ይላል። ሌላው «ጃቫ፣ ስፕሪንግ ቡት፣ ቶምካት» ይላል። ሦስተኛው «ዶት ኔት፣ አይአይኤስ፣ ዊንዶውስ ሰርቨር» ብሎ ይመጣል። ባለቤቱ ወረቀቶቹን ያገላብጣል። የሚያውቀው ቃል ሲያጣ ዓይኑ ወደ ታች ወርዶ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ያርፋል። ከዚያ ትንሹን ይመርጣል።

አልፈርድበትም። ሦስቱም ፕሮፎርማዎች ዋናውን ነገር አልነገሩትም። በጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳው ወደ ጎንደርና ወደ ጣና በሚጎርፍበት ሳምንት፣ ሲስተሙ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀጥ ቢል ማን ነው ተነስቶ የሚያየው? ያ ሰው ሥራ ቢለቅ ሌላ ሰው እዚሁ ከተማ ይገኛል? ለሶፍትዌሩ የሚከፈለው በብር ነው በዶላር? መብራት ሄዶ ሲመለስ ሲስተሙ በራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ይጠብቃል?

እኔን ብትጠይቁኝ የአፕሊኬሽን ሰርቨር ምርጫ መወሰን ያለበት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። «የትኛው ፈጣን ነው» የሚሉት ንጽጽሮች ለኛ ከተማ ብዙም አይረቡም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ በቁጥር እመለስበታለሁ።

ከፊት ማን፣ ከኋላ ማን

ሰው ብዙ ጊዜ ዌብ ሰርቨርንና አፕሊኬሽን ሰርቨርን ያምታታል። ልዩነታቸው ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባዩና ወጥ ቤቱ እንደሚለያዩት ነው። ዌብ ሰርቨሩ ከፊት ይቆማል። ከደንበኛው ስልክ የመጣውን ጥያቄ ይቀበላል፤ ፎቶ ወይም ተራ ገጽ ከሆነ ራሱ ይሰጣል፤ ሌላውን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ከውስጥ ነው። ክፍል አለ ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ቅድመ ክፍያው ገብቷል ወይ የሚለውን የሚያሰላው ኮድ የሚሮጠው እሱ ላይ ነው። አፓቺና ኤንጂንኤክስ የፊቶቹ ናቸው። ቶምካት፣ ዋይልድፍላይ፣ የፒኤችፒው ኤፍፒኤም፣ የፓይተኑ ጉኒኮርን የኋላዎቹ ናቸው።

አንዳንድ ዴቨሎፐር የፊቱን ትቶ የኋላውን በቀጥታ ለኢንተርኔት ያጋልጠዋል። ቶምካት 8080 ፖርት (የማሽኑ የኔትወርክ በር) ላይ ይነሳል፣ አድራሻው ላይ «8080» ተለጥፎ ለደንበኛ ይሰጣል። ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ከደንበኛው ኔትወርክ ነው።

ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ፎርም የሚሞላ ሰው አስቡ። ሲግናሉ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሞላውን ልኮ እስኪጨርስ ግማሽ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል። ጉኒኮርን በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ ይይዛል። የፕሮሰሶቹ ቁጥር ደግሞ የኮሩ (የማሽኑ ማስሊያ ክፍል) እጥፍ ሲደመር አንድ እንዲሆን ነው የሚመከረው። ባለ ሁለት ኮር ሰርቨር ላይ አምስት ማለት ነው። አምስት ቀርፋፋ ስልኮች እኩል ከገቡ ስድስተኛው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የሚገርመው ሰርቨሩ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነው። የሚጠብቀው ከጀልባው ላይ የሚንጠባጠበውን ዳታ ነው።

ኤንጂንኤክስ ከፊት ሲኖር ግን ዳታውን እሱ ይሰበስብና ሲሞላ በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ያቀብላል። የኋላው ፕሮሰስ በቅጽበት ጨርሶ ወደ ሌላው ደንበኛ ይዞራል። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ ይህን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው አንድ ማሽን አሥር ሺህ ግንኙነት አንድ ላይ እንዲችል ብሎ ነው። እኛ ጋ አሥር ሺህ ጎብኚ በአንድ ጊዜ አይገባም። ያለን ቀርፋፋ ኔትወርክ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ያው ሆነ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤንጂንኤክስ ሲጫን ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል እንዳይቀበል ሆኖ ነው የሚመጣው። ደንበኛው የፓስፖርቱን ፎቶ በስልኩ አንስቶ ሲልክ ፎቶው ብቻውን 3 እና 4 ሜጋባይት ነው። ስክሪኑ ላይ 413 የሚል ቁጥር ይመጣል። ደንበኛው ምን አጠፋሁ ብሎ ደጋግሞ ይሞክራል፣ መጨረሻ ላይ ይተወዋል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ አታውቅም። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ግን መስመሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የምርጫው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ፒኤችፒ፤ ሁሉም የሚያውቀው

ፒኤችፒን መናቅ በዴቨሎፐሮች ዘንድ ፋሽን ሆኗል። እኔ ግን ለአብዛኛው የከተማችን ቢዝነስ መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። ምክንያቱ ቋንቋው ስለሚያምር አይደለም። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሠራው በሱ ነው። አንዱ ቢሄድ ሌላ ታገኛላችሁ። ሰው ደግሞ ይሄዳል። ሥራውን የቻለ ልጅ ወይ አዲስ አበባ ይገባል፣ ወይ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ይሠራል። «የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ገባ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እዚህ ከተማ ብዙ ሲስተም ቀብሯል።

የፒኤችፒ ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ተማሪው የተማረው በዛምፕ ነው። ዛምፕ ላፕቶፕ ላይ ለመለማመድ የተሠራ ጥቅል ነው፤ ዳታቤዙ ሲጫን ዋናው ተጠቃሚ ፓስዎርድ የለውም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ለሥራ ሰርቨር አይሁን ይላሉ። ሆኖም ሪሴፕሽን ኮምፒውተር ላይ ዛምፕ ተጭኖ፣ የእንግዳ ስምና ሒሳብ እላዩ ላይ ሲሮጥ ማየት ብርቅ አይደለም። ፕሮፎርማው ላይ «ፒኤችፒ» የሚል ካለ «በምን ላይ ነው የምትጭነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዛምፕ ከሆነ ወደ ሌላው ፕሮፎርማ እለፉ።

በደንብ ሲጫን ሊኑክስ፣ ኤንጂንኤክስና ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ይሆናል። እዚህም አንድ የተደበቀ ቁጥር አለ። ኡቡንቱ ላይ ኤፍፒኤም ሲጫን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አምስት ጥያቄ ብቻ ነው። ሎጉ (ሰርቨሩ የሆነውን የሚጽፍበት ፋይል) ውስጥ «ገደቡ ላይ ደርሻለሁ፣ ብትጨምርልኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ አንባቢ ግን የለውም። ስሌቱ ቀላል ነው። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሰርቨር አላችሁ እንበል። ለሊኑክሱና ለዳታቤዙ አንድ ተኩል ጊጋ ተዉ። አንዱ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 60 ሜጋባይት ቢወስድ በቀረው ላይ 40 ያህል ይቆማል። ከአምስት ወደ 40፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ።

የጃቫው ዓለም

ጃቫ ላይ ስንመጣ ምርጫው ሁለት መልክ አለው። ቀለል ያለው ቶምካት ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ተሰጠ፤ ነፃ ነው። ከባዶቹ ዋይልድፍላይ፣ ዌብሎጂክና ዌብስፊር ናቸው። ዋይልድፍላይ የድሮው ጄቦስ ነው፤ ሬድ ሃት በ2006 ገዝቶት በኋላ ስሙን ቀየረው። ዌብሎጂክ ቢኢኤ ከሚባል ድርጅት በ2008 ወደ ኦራክል የዞረ ነው። ዌብስፊር የአይቢኤም ነው።

ከባዶቹ ምን ይጨምራሉ? አንድ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሁለትና ሦስት ዳታቤዝ የሚነካ ሲሆን ወይ ሁሉም እንዲጸድቅ ወይ ሁሉም እንዲሰረዝ ያደርጋሉ። በሲስተሞች መካከል መልእክት በወረፋ ያስተላልፋሉ። አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌላው እንዲቀበለው ያቀናጃሉ። ፍሌክስኪዩብን የመሰለ የባንክ ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅስ ተቋም ዌብሎጂክን ቢይዝ ያስኬዳል። ሶፍትዌሩ ራሱ ይጠይቀዋል፤ የሚከፍልበትም አቅም አለው። የ60 ክፍል ሆቴል፣ የጀልባ ማኅበር፣ የቡና ላኪ፣ የግል ክሊኒክ ግን ከነዚህ አንዱንም አይፈልጉም። ሻጩ «ኢንተርፕራይዝ ግሬድ ነው» ሲላችሁ የትኛውን ክፍሉን እንደምትጠቀሙበት በስም እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

የዶላሩ ነገርም አለ። የንግድ ላይሰንሶቹ የሚሸጡት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በጀቱን በብር የያዘ ሰው በዚያ ዓመት የላይሰንስ እድሳት ቢመጣበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ብሩ ቢኖር እንኳ ከባንክ ዶላሩን ማግኘት ሌላ ወረፋ ነው።

ኦራክል ጃቫን ራሱን የሚሸጥበት መንገድም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ተቀየረ። አዲሱ ሒሳብ የሚቆጥረው ድርጅቱ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ ነው፤ ጃቫን ነካ አልነካ አይልም። አትክልተኛው ይቆጠራል። ወጥ ሠሪዋ ትቆጠራለች። የማታ ጥበቃውም ይቆጠራል። ማምለጫው ቀላል ነው፤ ኦፕን ጄዲኬ የሚባለው ነፃ ጃቫ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዴቨሎፐሩ የትኛውን እንደጫነ ግን ባለቤቱ ካልጠየቀ አያውቅም።

ነፃ መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ግላስፊሽ የሚባል ሰርቨር ነበር፤ አሁንም አለ። በጊዜው የጃቫ መስፈርት ማሳያ እሱ ነበር። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2013 የንግድ ድጋፉን እንደሚያቆም ሲያስታውቅ እሱን ይዘው ሥራ የጀመሩ ድርጅቶች ሌላ ፍለጋ ወጡ፤ ፓያራ የሚባለው የተወለደው ከዚያ ነው። ስለዚህ «ማን ነው የሚንከባከበው? ስንት ዓመት ቆየ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው እኩል ይቀመጥ።

የጃቫ ሰዎች ደግሞ አንድ ወጥመድ አለባቸው። የጃቫ ኢንተርፕራይዝ መስፈርት ከኦራክል ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲዛወር ስሙ ጃካርታ ሆነ። ከዚያ በ2020 ኮዱ ውስጥ ያሉት የጥቅል ስሞችም ተቀየሩ። ቶምካት 9 የድሮውን ስም ያውቃል፤ ቶምካት 10 አዲሱን ብቻ። አንድ ልጅ ሰርቨር ሲቀይር «አዲሱ ይሻላል» ብሎ ቶምካት 10 ይጭናል፣ የድሮውን ፋይል እንዳለ ያስቀምጥበታል። ሰርቨሩ ይነሳል። የጎላ ስህተት ላይታይ ይችላል። ገጹ ሲከፈት ግን 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም» ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ፖርትና ፋየርዎል ሲፈትሽ ይውላል።

ያም ሆኖ ባሕር ዳር ላይ ቶምካት ባይተዋር አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈና ለዓመታት በቶምካት ላይ ሲሮጥ የኖረ ሲስተም ነው። በጤናው ዘርፍ የአይቲ ሥራ የሠሩ ሰዎች ቶምካት ሲያኮርፍ ፊቱን ያውቁታል። ዋይልድፍላይን ወይም ዌብስፊርን እንዲህ የሚያውቅ ሰው ግን እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ለኔ ይህ አንድ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ከቶምካት ጠባዮች አንዱን ላሳያችሁ። ከድረ ገጹ ወርዶ በእጅ ሲጫን ካታሊና አውት የሚባል የሎግ ፋይል ይጽፋል። ይህ ፋይል በራሱ አይቆረጥም። ዝም ካሉት ያድጋል፣ ያድጋል፣ ዲስኩን ይሞላል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል። ሐይቁ ዳር ካሉ ሎጆች በአንዱ ይህ ሲገጥም ዴቨሎፐሩ በስልክ «ጋሼ፣ ሰርቨሩ እኮ አልተበላሸም፣ ዲስኩ ሞልቶ ነው» አላቸው። ባለቤቱ «ምን ሞላው ልጄ? እኛ ምን አስቀመጥንበት?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሊኑክስ ላይ ሎግ በየጊዜው የሚቆርጥ መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ ይህንን ፋይል ጨምርበት ብሎ መንገር ብቻ ነው የሚቀረው።

አይአይኤስና ሌሎቹ

በዊንዶውስ ላይ ያለው አይአይኤስ መጥፎ ሰርቨር አይደለም። ዶት ኔት የሚያውቁ ልጆችም አሉን። ጥያቄው ላይሰንሱ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር የሚሸጠው በኮር ቁጥር ሲሆን ለአንድ ማሽን ዝቅተኛው 16 ኮር ነው፤ ማሽናችሁ አራት ኮር ቢኖረው እንኳ የ16 ትከፍላላችሁ። ፕሮፎርማው ላይ ይህ ዋጋ ከሌለ የሚጫነው ክራክ የተደረገ ነው ማለት ነው፤ እንቅጩን እንነጋገር። ክራኩን የሠራው ሰው ሌላ ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዶት ኔት ሊኑክስ ላይ ይሮጣል። ዶት ኔት መርጣችሁ ዊንዶውስን መተው ትችላላችሁ።

ኦዱ የሚባለውን ሶፍትዌር ለሒሳብና ለስቶር የሚያስገቡ ድርጅቶችም አሉ። ኦዱ የራሱን ሰርቨር ይዞ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ምርጫ ብዙም የለም። ከፊቱ ኤንጂንኤክስ አድርጉለት፣ በቂ ሚሞሪ ስጡት። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድ ጥሩ ነው፣ ጻፊዎቹም እየበዙ ነው። ነገር ግን በአንድ ክር ስለሚሠራ አንድ ከባድ ሪፖርት ሁሉንም ደንበኛ ሊያስቆም ይችላል፤ የሚጽፈው ሰው ይህን የሚያውቅ ይሁን።

መብራትና ኔትወርክ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያኔ ሲስተሙን በሙሉ ውጭ አገር ባለ ክላውድ ላይ ያስቀመጠ ድርጅት በስልክ ዳታ የሚገባበት መንገድ አጣ። የብሮድባንድ መስመር ያለው ተረፈ፣ የሌለው ወደ ወረቀት መዝገብ ተመለሰ። «ሲስተም የለም» የሚለውን የባንክ ቤት ዜማ ሪሴፕሽንም ተማረው።

የዚያ ጊዜ ልምድ ሰርቨር ምርጫ ውስጥ መግባት አለበት። እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ስሙን መመዝገብ፣ ቁልፍ መስጠት፣ ሒሳብ መዝጋት ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም መቀጠል ያለበት ሥራ ነው። እሱ እዚሁ ሆቴሉ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ይሁን። ከውጭ አገር ቡኪንግ መቀበል ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ሰርቨር ይፈልጋል፤ እሱ ክላውድ ላይ ይሁን። ሁለቱ ኔትወርክ ሲገኝ ይናበቡ። እንዲህ ሲከፈል የሆቴሉ ውስጥ ማሽን ቀለል ያለ ሰርቨር የሚችል ትንሽ ኮምፒውተር ቢሆን ይበቃል። ዌብሎጂክን እዚያ ላይ ልጫን ማለት ግን ለራስ ሥራ መፍጠር ነው።

ክፍያውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በቴሌብር ወይም በቻፓ ደንበኛው ሲከፍል «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ከእነሱ ሰርቨር ወደ እናንተ ሰርቨር ይመጣል። በዚያች ደቂቃ የእናንተው ሪስታርት እያደረገ ከሆነ መልእክቱ ሊያመልጥ ይችላል። ገንዘቡ ተቆርጧል፣ ክፍሉ ግን አልተያዘም። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭቅጭቅ መናገር አያስፈልግም። ጥሩ ዴቨሎፐር መልእክቱን ብቻ አይጠብቅም፤ ያልተዘጉ ክፍያዎችን በየጊዜው ራሱ ጠይቆ ያረጋግጣል። ይህን የትኛውም ሰርቨር በራሱ አይሠራላችሁም።

ክላውዱን አገር ውስጥ ማድረግም ይቻላል። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት አለው፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። በብር መክፈሉ ብቻ ትልቅ እረፍት ነው። የፓስፖርት ኮፒና የደንበኛ ስልክ ቁጥር የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል፤ መረጃን ከአገር ማውጣት ላይ ሁኔታዎች ያስቀምጣል። ከመፈረማችሁ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳዩት።

ጳጉሜን የማያውቅ ሲስተም

ስለ ሰርቨር የሚጽፉ ፈረንጆች የማያነሱት አንድ ጉዳይ አለ፤ ፊደላችንና ቀናችን።

ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት መንገድ) አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል። ዛሬ ያሉት ሰርቨሮች ይችሉታል። ከቶምካት 8 በፊት የነበሩት ግን አድራሻ ላይ የሚመጣን ጽሑፍ በሌላ አነባበብ ነበር የሚፈቱት፤ በአማርኛ ስም ስትፈልጉ የማይነበብ ዝባዝንኬ ይመጣል። አሮጌ ቶምካት ላይ የተሠራ ሲስተም የምትረከቡ ከሆነ መጀመሪያ «ጸሐይነሽ» ብላችሁ ፈልጉበት።

ሰዓቱ ይብሳል። ክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ የገባ እንግዳ ሪፖርቱ ላይ በትናንትናው ቀን ይመዘገባል። አውሮፕላን ዘግይቶበት ሌሊት የደረሰ እንግዳ የአንድ ቀን ሒሳብ ይጨመርበታል። ካሸሯ ታርማለች፣ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም፣ በመጨረሻ ልጅቷ ትጠረጠራለች። ጥፋቱ ግን ሰርቨሩ ላይ ያልተስተካከለ አንድ ቅንብር ነበር።

ቀኑን በተመለከተ የሚያዋጣው ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጦ ስክሪኑ ላይ በኛ ማሳየት ነው። ለጃቫ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኛን ካላንደር ያውቃል። የፒኤችፒው ኢንትል ኤክስቴንሽንም እንዲሁ። ጃቫ ብቻውን ግን አያውቀውም፤ የማይክሮሶፍቱ ዶት ኔትም አብሮት የሚመጣ የኢትዮጵያ ካላንደር የለውም። ሲስተሙን ስትረከቡ ጳጉሜን 3 ላይ ክፍል ያዙበት። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

ስለ ፍጥነት

አሁን ቅድም ወደተውኩት። «ኤንጂንኤክስ ከአፓቺ ይህን ያህል እጥፍ ይፈጥናል» የሚሉ ግራፎች አሉ። ውሸት አይደሉም። ግን ምንን ነው የለኩት? አብዛኞቹ ባዶ ገጽ በመላክ ነው የሚለኩት። የእናንተ ሲስተም ባዶ ገጽ አይልክም፤ ዳታቤዝ ይጠይቃል።

ቶምካት ሲጫን 200 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ የተዘጋጀ ነው። የጃቫ ሲስተም መሥሪያው ስፕሪንግ ቡት ወደ ዳታቤዙ የሚከፍተው መስመር ግን ሲጫን አሥር ብቻ ነው። 200 ሰው ገባ፣ መተላለፊያው አሥር ሰው ነው። የቀሩት 190ዎቹ ይሰለፋሉ። ቶምካቱን በሌላ፣ በፈጣኑ ብትቀይሩት ሰልፉ ባለበት ነው። መስመሩን ማብዛትም ገደብ አለው፤ ከዳታቤዞቹ ማይኤስኪውኤል ሲጫን 151፣ ፖስትግሬስ 100 ግንኙነት ነው የሚቀበሉት። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለ መፈለጊያ) የሌለው ሠንጠረዥ ላይ ነው ያለው። አንድ ጥያቄ ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ ከነበረ፣ ኢንዴክስ ሲደረግለት በሰከንድ ሽርፍራፊ ያልቃል፤ አሥሩ መስመርም ይበቃል።

ለመሆኑ የ60 ክፍል ሆቴል በጥምቀት ሳምንት እንኳ በአንድ ሰከንድ ስንት ጥያቄ ይመጣበታል? አሥር ከሞላ ብዙ ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰርቨሮች ውስጥ ይህን የማይችል የለም።

ዝመናን ማን ይከታተላል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2021 ላይ ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ሎግ መጻፊያ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ተገኘ። የአደጋ ደረጃው ከአሥር አሥር ተሰጠው። አጥቂው አንድ መስመር ጽሑፍ ፎርም ላይ ሞልቶ ሰርቨሩን የራሱ ማድረግ ይችል ነበር። ቶምካት ብቻውን ሲጫን አልተነካም፤ ላዩ ላይ የተጫኑት አፕሊኬሽኖች ግን ላይብረሪውን ይዘው ነበር። በዚያ ሳምንት ወሳኙ ነገር «ጃቫ ነው ፒኤችፒ?» አልነበረም። ዜናውን የሰማ፣ የእናንተን ሲስተም የሚያውቅ፣ እጁ ላይ ፓስዎርዱ ያለ ሰው መኖሩ ነበር።

ፒኤችፒም ከዚህ አያመልጥም፤ 7.4 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ድጋፉ አበቃ። ቶምካት 8.5 በማርች 2024 አበቃ። ብዙ ሰርቨሮች የተሠሩበት ሴንትኦኤስ 7 በጁን 2024 ተዘጋ። ስለዚህ የሚጫነው ቨርዥን ስንት እንደሆነና ድጋፉ መቼ እንደሚያልቅ ፕሮፎርማው ላይ በቁጥር ይጻፍ። የድረ ገጹ ሰርተፊኬትም ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይገኛል፤ የሚቆየው ግን ቢበዛ 90 ቀን ነው። በራሱ እንዲታደስ ካልተደረገ አንድ ጠዋት ደንበኛው ስልክ ላይ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ይወጣል። ለሰርተፊኬት በዓመት በዓመት ገንዘብ የሚያስከፍላችሁ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

እንግዲህ ለአብዛኛው የባሕር ዳር ድርጅት የኔ ምርጫ ሊኑክስ፣ ከፊት ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ ፒኤችፒ ኤፍፒኤም ነው። ጃቫ የሚያውቅ ቡድን ካላችሁ ወይም ሲስተሙ እያደገ የሚሄድ ከሆነ ቶምካት። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና አሸናፊውን ንገረን ካላችሁኝ፣ አሸናፊው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሯችሁ ሊደርስ የሚችለው ሰው የሚያውቀው ነው።

ውሉ ላይ ደግሞ እነዚህ ይግቡ። ዶሜኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ እንጂ በዴቨሎፐሩ የግል ኢሜይል አይሁን። የሰርቨሩ ዋና ፓስዎርድ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ሲቆም ምን ምን እንደሚደረግ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለ ሰው ሊከተለው በሚችል መልኩ ይጻፍ። ባክአፑ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ከባክአፑ ሲስተሙን መልሶ ማስነሳት እንደሚቻልም ዴቨሎፐሩ በፊታችሁ ያሳይ።

በመጨረሻ ርክክቡ ቀን አንድ ፈተና አለ። ሲስተሙ እየሠራ፣ ሰው ፎርም እየሞላ፣ ሶኬቱን ንቀሉት። ዴቨሎፐሩ ይደነግጣል፤ ይደንግጥ። ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደያዘ እዩ። ጨርሶ ሲጠፋ መልሳችሁ ሰኩትና ማንም ኪቦርድ ሳይነካ ጠብቁ። ዳታቤዙ፣ አፕሊኬሽን ሰርቨሩ፣ ኤንጂንኤክሱ በየተራ በራሳቸው ተነስተው ገጹ ከተከፈተ ጥሩ ነው። ካልተከፈተ የመጨረሻው ክፍያ ይቆይ።